ስም ማጥፋት በልዩ ልዩ አገሮች ሕግ

አባቶቻችን «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ብለው የተናገሩት ቃል ለለቅሶ ቤት ማጽናኛ ብቻ የተባለ አይደለም። ስም እንደ ርስትና እንደ ከብት ሁሉ የሰው ሀብት ነው ማለታቸው ነው። ሀብት ከሆነ ሌባ አያጣውም፤ ሌባ ካለበትም ዳኛ ያስፈልገዋል። ዛሬ ልነግርዎ ያሰብሁት ይህ ዳኛ ከአገር ወደ አገር እንዴት እንደሚለያይ፥ እኛም ኢትዮጵያውያን በዚህ ነገር ከየት ተነሥተን የት እንደ ደረስን ነው።

ነገሩን ከሩቅ አገር አልጀምረውም፤ ከባምቢስ እጀምረዋለሁ። ካዛንቺስ የሚለው ስም ጣሊያን አገራችንን በወረረበት ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞቹ ቤት ያሠራ ከነበረው ድርጅት ስም የመጣ ነው፤ ባምቢስም የሚለው አንድ የግሪክ ተወላጅ ነጋዴ ካቋቋመው መደብር የተወረሰ ነው። ከ2017 ዓ.ም. ወዲህ ብዙዎቹ አሮጌ ቤቶች ፈርሰው የሰፈሩ መልክ ቢለወጥም፥ አካባቢው ከመነሻው የጸሐፊዎችና የሒሳብ ሠራተኞች፥ የመዝገብ ቤት ሹሞችም መኖሪያ ነበረ። ሠራተኛ ከቢሮ ወጥቶ ቡና በሚጠጣበት ጠረጴዛ ላይ ደግሞ ከስኒውና ከስኳሩ ጋራ የሰው ስም መቅረቡ የታወቀ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በዚሁ ሰፈር የማውቀው አንድ ገንዘብ ያዥ ነበረ። አንድ ቀን ለመሥሪያ ቤቱ አለቃ ፊርማ የሌለበት ደብዳቤ ደረሰ፤ ሰውዬው የመንግሥት ገንዘብ አጉድሏል የሚል ነበረ። ሒሳቡ ተመረመረ፤ አንዲት ሳንቲም አልጎደለችም። ነገር ግን የሚጠብቀው እድገት ለሌላ ተሰጠ፤ እርሱ ወደ ቡና ቤቱ ሲገባም ጨዋታው ይቋረጥ ጀመር። አንድ ማታ አጠገቤ ተቀምጦ፥ «ገንዘቡ ሙሉ ሆኖ ተገኘ፤ እኔ ግን ጎደልሁ። ለመሆኑ ማንን ልክሰስ? በየትኛውስ ሕግ?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔ በማይክሮፎን ፊት ተቀምጬ ቃል የማነብ ሰው እንጂ የሕግ ሊቅ አይደለሁምና መልስ አጣሁ። ይህ ጽሑፍ ያን ማታ ያጣሁትን መልስ ለማግኘት የሄድሁበት መንገድ ነው።

ስለ ስም ማጥፋት የሚናገር ሕግ ሁሉ ሦስት ጥያቄዎችን መመለስ ግድ ይሆንበታል። የተነገረው ነገር እውነት ሆኖ ቢገኝስ? የማስረዳቱ ሸክም በተናጋሪው ላይ ይውደቅ ወይስ በተበዳዩ ላይ? በመጨረሻም ጥፋተኛው ወኅኒ ይውረድ ወይስ ካሳ ይክፈል? የአገሮች ልዩነት ሁሉ ከእነዚህ ሦስት ምንጮች የሚቀዳ ነው።

በአገራችን ስለ ሰው ክብር ከታወጁት ቃሎች መካከል የዳግማዊ ምኒልክ የ1900 ዓ.ም. አዋጅ ከሁሉ ይልቅ ይታወሳል። በዚያን ጊዜ ብረት ቀጥቃጩ ጠይብ፥ ሸማኔው ቁጢት በጣሽ፥ ጸሐፊው ጠንቋይ፥ አራሹም አፈር ገፊ እየተባለ ይሰደብ ነበረ። ንጉሠ ነገሥቱ ሠራተኛን በሥራው የሚሰድብ ሰው እርሳቸውን እንደ ሰደበ እንደሚቈጠር፥ አንድ ዓመትም እንደሚታሰር ዐወጁ። በዚህ አዋጅ ውስጥ እውነትና ሐሰት የሚል ጥያቄ የለም፤ ብረት ቀጥቃጩ በእርግጥ ብረት ይቀጠቅጣልና። የተከለከለው ውሸቱ ሳይሆን ንቀቱ ነው። ቀኑን ሙሉ በብዕር የሚውሉት አንባቢዬ፥ የጸሐፊ ስም በዚህ ዝርዝር ውስጥ እንደ ነበረ ልብ ይበሉ።

ከዚህ በኋላ በ1923 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ወጣ። ከነጻነት በኋላም አገሪቱ ሕጎቿን እንደገና በመጽሐፍ ለማሰናዳት በተነሣች ጊዜ፥ የወንጀለኛውን መቅጫ ረቂቅ ዣን ግራቨን የተባሉ የስዊስ ሊቅ፥ የፍትሐ ብሔሩን ረቂቅ ደግሞ ረኔ ዳቪድ የተባሉ ፈረንሳዊ ሊቅ አዘጋጁ። የመጀመሪያው በ1949 ዓ.ም. ታውጆ ከሚያዝያ 27 ቀን 1950 ዓ.ም. ጀምሮ፥ ሁለተኛው በሚያዝያ 27 ቀን 1952 ዓ.ም. ታውጆ ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ ጸና። እንግዲህ በአንድ አገር፥ በአንድ ዘመን፥ ስለ አንድ ነገር የሚናገሩ ሁለት መጻሕፍት ጎን ለጎን ቆሙ። ይሁን እንጂ ሁለቱ በእውነት ጉዳይ አንድ ቃል አልተናገሩም።

ወንጀለኛ መቅጫው ሌላውን ሰው ለመጉዳት አስቦ ክብሩን የሚነካ ነገር ለሦስተኛ ሰው የሚናገር፥ የተናገረው እውነት ቢሆንም እንኳ፥ የተበደለው አቤት ሲል ይቀጣል አለ። ይኸው ሐሳብ ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ በጸናው የወንጀል ሕግ ውስጥ በቁጥር 613 ተደግሟል። የፍትሐ ብሔሩ ሕግ ግን በቁጥር 2044 ሌላውን በሕይወት ያለ ሰው የሚያስጠላ፥ የሚያስንቅ ወይም መሳቂያ የሚያደርግ፥ መታመኑንና ስሙን ወይም የወደፊት ዕድሉን የሚያበላሽ ቃል ወይም ጽሑፍ ጥፋት መሆኑን ከገለጸ በኋላ፥ ዝቅ ብሎ በቁጥር 2047 የተባለው ነገር እውነተኛ መሆኑ ከተረጋገጠ፥ ተናጋሪው ለመጉዳት ብቻ አስቦ ካልሆነ በቀር፥ ጥፋት የለም ይላል። በቁጥር 2046 ደግሞ ሕዝብን በሚነካ ጉዳይ ላይ አሳብን መግለጽ ሌላውን ሰው በሕዝብ ዘንድ ቢያስጠላውም እንኳ ጥፋት አይደለም፤ ጥፋት የሚሆነው ሐሰት መሆኑን በእርግጥ እያወቁ መናገር ነው ይላል። በሸንጎ ክርክርና በፍርድ ቤት ሙግት ለተነገረ ቃልም ኃላፊነት የለም። ይህን ቃል በልብዎ ያኑሩልኝ፤ ኋላ ከአሜሪካ ስንመለስ ያስፈልገናል።

አሁን ወደ እንግሊዝ እንሻገር። በዚያ አገር እንደ ኤውሮፓውያን አቈጣጠር በ1275 የወጣ ሕግ የመንግሥቱን ታላላቅ ሰዎች ከክፉ ወሬ ይጠብቅ ነበረ። በ1605 ደግሞ በወንጀል ለተከሰሰ ስም አጥፊ የነገሩ እውነትነት መከላከያ እንዳይሆነው ተፈረደ፤ እንዲያውም ክሱ እየበረታ የሚሄደው እውነቱ እየበረታ በሄደ መጠን ነው እስከ መባል ተደርሶ ነበረ። ኋላ ግን በፍትሐ ብሔር ክርክር እውነት ፍጹም መከላከያ ሆነ። የእንግሊዝ ሕግ ልዩ ጠባይ ግን ሸክሙን የሚጭንበት ትከሻ ነው፤ የተጻፈው ክፉ ነገር ሐሰት እንደ ሆነ አስቀድሞ ይገመታል፥ እውነት ነው የሚል ጸሐፊ ራሱ ያስረዳ። ደግሞም በጽሑፍ የሆነውንና በአፍ የሆነውን ይለያል፤ በአፍ ለተባለው ጥቂት ነገሮች ካልሆኑ በቀር ከሳሹ የደረሰበትን ጉዳት ማስረዳት አለበት። እኛን የሬዲዮ ሰዎች የሚነካው ነገር ደግሞ እንዲህ ነው፤ በ1952 የወጣው የእንግሊዝ ሕግ በሬዲዮ የተነገረ ቃል እንደ ጽሑፍ እንዲቈጠር ደነገገ። ቃላችን ነፋስ ቢመስልም በዚያ አገር ሕግ ፊት ቀለም ነው።

ፈረንሳይ በሐምሌ 29 ቀን 1881 እንደ አቈጣጠራቸው ስለ ጋዜጣ ነጻነት ሕግ አወጣች፤ ስም ማጥፋትንም በዚያው ውስጥ አገባችው። በእርሷ ዘንድ ጥድፊያው ይበረታል። ተከሳሹ እውነቱን አስረዳለሁ ካለ ማስረጃውን በ10 ቀን ውስጥ ማቅረብ አለበት፤ ክሱም በ3 ወር ውስጥ ካልተነሣ ይቀራል። በእንግሊዝ የክስ ጊዜው 1 ዓመት ሲሆን፥ በእኛ ፍትሐ ብሔር የካሳ ክስ 2 ዓመት ይቈያል፤ በወንጀል ለማመልከት ግን ተበዳዩ ካወቀበት ቀን ጀምሮ የተሰጠው 3 ወር ብቻ ነው። አንዱ አገር ቂም ሳይከርም ይለቅ ሲል፥ ሌላው ተበዳይ ቍስሉን እስኪያውቅ ጊዜ ይሰጠው ይላል።

ወደ አሜሪካ ስንሄድ ደግሞ ነገሩ የተገለበጠ ሆኖ እናገኘዋለን። አሜሪካ ገና የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት በነበረች ጊዜ፥ በኒው ዮርክ ጆን ፒተር ዜንገር የሚባል አሳታሚ አገረ ገዥውን በጋዜጣው ተችቶ በ1734 ታሰረ። በሚቀጥለው ዓመት ጠበቃው አንድሩ ሃሚልተን ለፍርድ የተቀመጡትን ሽማግሌዎች፥ የታተመው እውነት ከሆነ ፈርዳችሁ አትቅጡት ብሎ ለመናቸው፤ እነርሱም በነጻ ለቀቁት። ከሁለት መቶ ከሚበልጡ ዓመታት በኋላ በመጋቢት ወር 1960 እንደ አቈጣጠራቸው ኒው ዮርክ ታይምስ የጥቁሮችን የመብት ትግል የሚደግፍ አንድ ማስታወቂያ አተመ። በማስታወቂያው ውስጥ ጥቃቅን ስሕተቶች ነበሩ። በአላባማ የሞንትጎመሪ ከተማ ፖሊስ የበላይ የነበሩት ሱሊቫን፥ ስማቸው ሳይጠራ፥ ተነክቻለሁ ብለው ከሰሱ፤ የአላባማም ፍርድ ቤት 500,000 ዶላር ፈረደላቸው። በጠቅላላው በአላባማ የተሸጠው ጋዜጣ 400 ያህል ቅጂ ብቻ ነበረ። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በመጋቢት 9 ቀን 1964 ፍርዱን ሽሮ፥ የመንግሥት ሹም ስለ ሥራው በተነገረ ነገር ካሳ የሚያገኘው፥ ተናጋሪው ሐሰት መሆኑን እያወቀ ወይም እውነት ይሁን ሐሰት ከቶ ሳይጨነቅ የተናገረ መሆኑን ሲያስረዳ ብቻ ነው አለ። ሸክሙ ከጸሐፊው ትከሻ ወርዶ በሹሙ ትከሻ ላይ ተጫነ።

አንባቢ ሆይ፥ አሁን ቁጥር 2046ን ያስታውሱ። የእኛ ፍትሐ ብሔር ሐሰት መሆኑን በእርግጥ እያወቁ ካልሆነ በቀር ሕዝብን በሚነካ ጉዳይ ላይ አሳብ መስጠት ጥፋት አይደለም ያለው የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይህን ከመናገሩ 4 ዓመት ያህል አስቀድሞ ነበረ። ለመኩራራት ግን አንቸኩል። ያ ቃል በፍትሐ ብሔሩ መጽሐፍ ሲጻፍ ወንጀለኛ መቅጫው «እውነትም ቢሆን» እያለ ከጎኑ ቆሞ ነበረና። ሁለት በር ባለው ቤት አንደኛው ቢከፈት ሁለተኛው ከተዘጋ እንግዳ በየትኛው እንደሚገባ ይጠራጠራል።

የሕጎች ልዩነት በየመጽሐፋቸው ውስጥ ታጥሮ ቢቀር ኖሮ የሊቃውንት ጨዋታ በሆነ ነበረ። አሁን ግን በአንድ ከተማ የተጻፈ ቃል በዚያው ደቂቃ በዓለም ሁሉ ይነበባል። አንዲት አሜሪካዊት ደራሲ በአገሯ ባሳተመችው መጽሐፍ ምክንያት ሎንዶን ላይ በአንድ የሳዑዲ ባለ ሀብት ተከሰሰች፤ እንግሊዝ አገር የገባው መጽሐፍ 23 ቅጂ ብቻ ነበረ፤ በ2005 እንደ ኤውሮፓውያን አቈጣጠር ካሳ እንድትከፍል ተፈረደባት። ስለዚህ የአሜሪካ ምክር ቤት በ2010፥ የአሜሪካን ያህል የመናገር ነጻነት በማይጠብቅ ሕግ የተሰጠ የውጭ አገር የስም ማጥፋት ፍርድ በአሜሪካ ፍርድ ቤቶች እንዳይፈጸም የሚል ሕግ አወጣ።

የኛም ሰዎች በዚህ መካከል ተገኝተዋል። በአገራችን የተወለዱት ባለ ሀብት ሼክ መሐመድ አል አሙዲ፥ ተቀማጭነቱ በአሜሪካ የነበረውን የ«ኢትዮጵያን ሪቪው» አዘጋጅ ኤልያስ ክፍሌን በዚያ በተጻፈ ነገር ሎንዶን ላይ ከሰሱ። የተጻፈውን እኔ እዚህ አልደግመውም፤ በእንግሊዝ ሕግ የሌላውን ስም ማጥፋት መድገም ራሱ ስም ማጥፋት ነውና። ፍርድ ቤቱ በሐምሌ ወር 2011 እንደ ኤውሮፓውያን አቈጣጠር 175,000 ፓውንድ ካሳ ፈረደላቸው። ልብ ይበሉ፤ ከሳሹም ተከሳሹም ከኢትዮጵያ የበቀሉ፥ የሚጽፈው አሜሪካ ተቀምጦ፥ የሚፈርደው እንግሊዝ ነው። ይህ ፍርድ በሎንዶን ሙሉ ክብር ያለው ሲሆን፥ ውቅያኖሱን ተሻግሮ ይፈጸምልኝ ቢባል ግን ከአንድ ዓመት በፊት የወጣው የአሜሪካ ሕግ በደጅ ቆሞ ይጠብቀዋል። አንዱ ስሙ በፍርድ ተመለሰለት፤ ሌላው በአገሩ ሕግ ተከለለ። የትኛው ፍትሕ ነው ብሎ የሚጠይቅ ሰው መጀመሪያ በየትኛው አገር እንደ ቆመ ይጠየቃል። እንግሊዝም ቢሆን ኋላ በ2013 ባወጣችው ሕግ፥ በስም ላይ ከባድ ጉዳት ካልደረሰ ክስ እንዳይኖር፥ ከውጭ አገር የሚመጣም ክርክር በር እንዲጠብ አደረገች።

ወደ ቤታችን እንመለስ። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 24 የሰውን ክብርና መልካም ስም፥ በአንቀጽ 29 የመናገርንና የመጻፍን ነጻነት ጎን ለጎን አስቀመጠ። በነሐሴ 2000 ዓ.ም. የ«ሪፖርተር» ጋዜጣ አዘጋጅ አማረ አረጋዊ፥ ጋዜጣው በጎንደር ስላለ አንድ የቢራ ፋብሪካ የሠራተኞች ክርክር ባተመው ነገር ከአዲስ አበባ ተይዞ እስከ ጎንደር ተወሰደ፤ ለጥቂት ቀናትም ታሰረ። ያኔ እየታወጀ የነበረው አዋጅ ቁጥር 590/2000 በብዙኃን መገናኛ በሚፈጸም ጥፋት የተከሰሰ ሰው ለምርመራ ሳይታሰር በቀጥታ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ አዘዘ። ይኸው አዋጅ ግን በመንግሥት አካላት ላይ በብዙኃን መገናኛ የሚፈጸመውን ስም ማጥፋት ተበዳዩ ባያመለክትም ዐቃቤ ሕግ ሊከስበት እንዲችል አደረገ። በፍትሐ ብሔሩ ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ ተወስኖ የነበረውንም የኅሊና ጉዳት ካሳ፥ በብዙኃን መገናኛ ለጠፋ ስም እስከ 100,000 ብር ከፍ አደረገው። በጥቅምት 2007 ዓ.ም. ደግሞ የ«ፍትሕ» ጋዜጣ ዋና አዘጋጅ የነበረው ተመስገን ደሳለኝ፥ ከቀረቡበት ክሶች አንዱ የመንግሥትን ስም ማጥፋት ሆኖ፥ 3 ዓመት እስራት ተፈረደበት።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል፤ መንግሥት እንደ ሰው የሚጠፋ ስም አለውን? የእንግሊዝ የበላይ ፍርድ ሰጪዎች በ1993 እንደ አቈጣጠራቸው የአንድ አውራጃ ምክር ቤት ጋዜጣን በስም ማጥፋት ሊከስ አይችልም፤ ሕዝብ የሚመርጠው አካል በሕዝብ ትችት ፊት ሳይከለል መቆም አለበት ብለው ፈረዱ። በአገራችን መልሱ የመጣው ዘግይቶ ነው። አዋጅ ቁጥር 1238/2013 በብዙኃን መገናኛ የሚፈጸም ስም ማጥፋት በፍትሐ ብሔር ካሳ የሚያስጠይቅ እንጂ በወንጀል የሚያስቀጣ እንዳይሆን ወሰነ። እንግሊዝም ይህን ወንጀል ከመጽሐፏ የፋቀችው በ2009 በወጣ ሕግ ነው፤ ስለዚህ ከእርሷ ጋራ ያለን ልዩነት ሲታሰብ የሚመስለውን ያህል ሩቅ አይደለም።

እንግዲህ ለዚያ ለገንዘብ ያዡ ወዳጄ ምን ልበለው? በመጀመሪያ፥ አዲሱ አዋጅ የሚጠቅመው የብዙኃን መገናኛውን ሰው ነው፤ ፊርማ በሌለው ደብዳቤ ስም የሚያጠፋው ግን አሁንም በወንጀል ሕጉ ሥር ነው እለዋለሁ። ሁለተኛ፥ ሒሳብህ ተመርምሮ ንጹሕ መሆንህ መታወቁ ትልቁ ማስረጃህ ነውና የምርመራውን ቃል በጽሑፍ ተቀብለህ አስቀምጥ። ሦስተኛ፥ ጊዜው እንዳያመልጥህ፤ የጻፈውን ሰው ባወቅህ ቀን ቍጠር። ከዚህ በኋላ ግን ሕግ ሊሰጥህ የማይችለው አንድ ነገር ይቀራል፤ እርሱም በዚያ በቡና ቤቱ ጠረጴዛ ዙሪያ ከተቀመጥነው ከእኛ የሚጠበቀው ነው። በዚያ ጊዜ እርሱ ሲገባ ዝም ካሉት አንዱ እኔ ነበርሁ።

ከሎንዶን እስከ ፓሪስ፥ ከኒው ዮርክ እስከ አዲስ አበባ ያሉት ሕጎች በሸክሙ፥ በጊዜውና በቅጣቱ ይለያያሉ፤ የተሳሳተ ሰው ቢያርም እንደሚጠቅመው ግን የኛው ፍትሐ ብሔር ያውቃል። በቁጥር 2049 ለመጉዳት ሳያስብ፥ ያለ ከባድ ቸልተኝነት የተሳሳተ ጋዜጣ ወዲያው ቃሉን መልሶ ይቅርታ ቢጠይቅ ከጥፋት ይድናል ይላል። ይህ ድንጋጌ የተጻፈው ለጋዜጣ ነው፤ ነገር ግን ማስታወሻ ለሚጽፍ ሹም፥ ስለ ባልደረባው ምስክርነት ለሚሰጥ ሠራተኛ፥ በቡና ላይ ለሚያወራም ሰው ሁሉ መልካም ልማድ ይሆን ነበረ። «ሳያጣሩ ወሬ ሳይገድሉ ጎፈሬ» እንደ ተባለው፥ አስቀድሞ ማጣራት ይበልጣል፤ ሳያጣሩ ለተናገሩ ግን በተናገሩበት ቦታ፥ በሰሙት ሰዎች ፊት ቆሞ ማረም ግዴታ ነው።

እኔም ያን ወዳጄን ባለፈው ሳምንት በዚያው ጠረጴዛ ላይ ሰዎች በተሰበሰቡበት በስሙ ጠርቼ፥ ሒሳቡ ሙሉ እንደ ነበረ ተናገርሁ። አንድ ሁለቱ አቀረቀሩ፤ አንዱ ግን ወንበር ሳበለት።